የካርኮቭዋ ጎረቤቴና እኔ

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ልጅ ይዘው ከአገር ለወጡ ወላጆች ነው። እስራኤል ግቡ ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም ግቡ ሜልቦርን፣ አንድ ቀን አጠገባችሁ ያለውን ሌላ መጤ ታያላችሁ። «እነሱ እንዴት ቶሎ ተነሱ? እኛስ ለምን ወደኋላ ቀረን?» ትላላችሁ። እኔ ይህን ጥያቄ ለአሥር ዓመት በተሳሳተ መንገድ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ዋጋውን የከፈለው የበኩር ልጄ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለድኩት ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። በዚያ ጊዜ ለገጠር ሴት ልጅ ቀላል ነገር አልነበረም። ባለቤቴ አንጥረኛ ነበር፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ፊደል ግን አልቆጠረም። ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ ነን፤ በግንቦት 1991 እስራኤል ወገኖቻችንን በአውሮፕላን ባወጣችበት በዘመቻ ሰለሞን ከአዲስ አበባ ተነሳን። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተጓዘ። እኛ የተሳፈርንበት አውሮፕላን ወንበሩ ተነቅሎ ስለነበር ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። የስድስት ዓመቱ ልጄ ግንባሩ ላይ ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ቤተሰብ እንዳይጠፋፋ ነው። ስንደርስ ላነሳለት ስል በሁለት እጁ ሸፈነው። «ተይው እማ፣ እንዳልጠፋ» አለኝ። ያቺን ቃል ኋላ ላይ ብዙ ሌሊት አስታወስኳት።

በእነዚያው በ1990 እና በ1991 ከሶቭየት ኅብረት ከ300 ሺህ በላይ ሰው እስራኤል ገብቷል። በቀጣዮቹ ዓመታት ተደምሮ ወደ አንድ ሚሊዮን ደረሰ። አገሩ አንድ፣ ዘመኑ አንድ ነው። አቀባበሉ ግን የተለያየ ነበር። ለአብዛኞቹ ለእነሱ መንግሥት ጥሬ ገንዘብ ሰጣቸውና የፈለጉበት ከተማ ቤት ተከራዩ። እኛን መጀመሪያ ሆቴል፣ ከዚያ ካራቫን ውስጥ አስገቡን። በፍቅር ነው የተቀበሉን፤ ይህን አልክድም። ምግቡ ይመጣል፣ ልጆቹን የሚወስድ ሰው አለ፣ ቅጹን የሚሞላልን ሰው አለ። እኛ ሁለት ዓመት ተኩል «እሺ» ማለትን ተማርን። ኋላ ጎረቤቴ የሆነችው ሴት ግን በገባች በሳምንቷ ባንክ ሄዳ ተከራክራለች፣ በወሯ የመብራት ሒሳብ ተሳስቶ መጥቶባት አስተካክላለች። እኔ ባንክ ቤት ብቻዬን የገባሁት በሦስተኛው ዓመት ነው።

በ1994 ቤት ገዛን። ከዓመት በፊት ለኢትዮጵያ ቤተሰቦች ልዩ መሽካንታ (የቤት መግዣ ብድር) ወጥቶ ነበር። አብዛኛው ገንዘብ የማይመለስ ስጦታ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ለሩሲያዎቹ (ከሶቭየት የመጡትን ሁሉ እንዲህ ነው የምንላቸው) አልተሰጠም። ግን ገንዘቡ የሚበቃው ርካሽ ሰፈር ላይ ነው፣ ሰዉም ዘመዱን ተከትሎ ሄደ። እኛም አክስቴ ያለችበት ሬሆቮት፣ ኪሪያት ሞሼ ገባን። ለቅሶው፣ ሰርጉ፣ ቡናው፣ ሁሉም እዚያው ነው። አሁንም ቢሆን ከወገን አጠገብ መኖርን አልነቅፍም፤ አማቴ ያለዚያ አንድ ክረምት አትከርምም ነበር። ጥፋቴ ቤቱን አይቼ ትምህርት ቤቱን አለማየቴ ነው። እናንተ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ የሚማርበት ግቢ ገብታችሁ፣ ከዚያ የሚወጡት ልጆች የት እንደሚደርሱ ጠይቁ።

ጎረቤቴ ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ነበረች። እናቷና አንድ ወንድ ልጇ አብረዋት ይኖራሉ። ዩክሬን፣ ካርኮቭ ውስጥ 15 ዓመት በውሃ ፓምፕ መሐንዲስነት ሠርታለች። እኔ እንስራ ተሸክሜ ምንጭ የወረድኩ ነኝ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ባልዲ ይዘን የአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር እንወለውል ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አብረን ወጥተን አውቶቡስ እንጠብቃለን። ክረምት ከሆነ በፔርሙዝ የያዘችውን ሻይ ታካፍለኛለች።

ልጆቻችን አንድ ክፍል ነበሩ። የእሷ ልጅ በሒሳብ ቀደመ፣ ከዚያ በሁሉም ቀደመ። እኔ ደግሞ ጀመርኩ። «የላይ ቤቷን ልጅ እይ! እኩል አይደል የመጣችሁት? እሱ ያለው አንተ የሌለህ ምንድን ነው?» ጠዋት አልኩት፣ ማታ አልኩት፣ እንግዳ ፊት አልኩት። የሚያተጋው መስሎኝ ነው። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስህተቶች እንደዚህ የሚያንገበግበኝ የለም። ልጁ አልመለሰልኝም። ዝም እያለ፣ እያነሰ ሄደ።

ሁለተኛው ስህተቴ ቋንቋ ነው። አስተማሪዋ «ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ ብቻ አናግሪው» አለችኝ። እሺ አልኩ። የኔ ዕብራይስጥ ደግሞ «ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ ዝም በል» ነበር። በዚህ ልጅ ይቀረጻል? በአማርኛ ብሆን ተረት አወራዋለሁ፣ እመርቀዋለሁ፣ ስቆጣም ቁጣዬ ውስጥ ፍቅር አለ። በዕብራይስጥ ትእዛዝ ብቻ ቀረኝ። ያው አስተማሪ ለጎረቤቴም ያንኑ ነግራታለች። እሷ ራሷን ነቀነቀችና ቤቷ ገብታ በሩስኛ ቀጠለች። አያቱ በየማታው መጽሐፍ ታነብለታለች። ለምን እንዳልታዘዘች ከዓመታት በኋላ ጠየቅኳት። «እኔ በዕብራይስጥ ሞኝ ነኝ» አለችኝ። «ልጄ ሞኝ እናት እንድትኖረው አልፈለግሁም።»

1996ን ሳላነሳ አላልፍም። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ፣ የደም ባንኩ የኛን ሰዎች ደም ተቀብሎ በስውር ሲጥለው እንደኖረ ጋዜጣ አወጣ። ባለቤቴ ፋብሪካው ውስጥ ደም ሰጥቶ የተሰጠችውን ካርድ ኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። አብረን ኢየሩሳሌም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጣን። ሺዎች ነበርን። በውሃና በአስለቃሽ ጋዝ በተኑን። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ምርጫ ተደረገ። ከሶቭየት የመጣው የናታን ሻራንስኪ የመጤዎች ፓርቲ ከ120 የክኔሴት (የፓርላማ) ወንበሮች ሰባቱን ወሰደ፣ እሱም ሚኒስትር ሆነ። ከኛ አንድ ሰው ብቻ፣ አዲሱ መሰለ፣ በሌበር ፓርቲ በኩል ገባ። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ «እኛ ብንጮህ፣ እነሱ ድምፅ ሰጡ» አለ። እውነት ነው፤ ግን ያኔም በመቶ ሺዎች የሚገመት ሕዝብ ድምፁ ይቆጠራል። እኛ ዛሬ እንኳ የልጅ ልጅ ሁሉ ተደምሮ 170 ሺህ ገደማ ነን።

በ1998 ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ የልጄን ፍራሽ አነሳሁ። አሥራ አንድ ፖስታ ከሥሩ ተደርድሯል። ሁሉም ከትምህርት ቤት ነው። ለካ በር ላይ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር «የመብራት ነው፣ ተከፍሏል» እያለኝ ኖሯል። እኔ ዕብራይስጥ ማንበብ ስለማልችል ልጄን አስተርጓሚ አድርጌው ነበር። አንድን ልጅ የራሱን ክስ እንዲያነብ አድርጉትና እውነቱን ይነግራችኋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ፖስታዎቹን በቀሚሴ ጠቅልዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ጎረቤቴ የሩስኛና የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላቷን አወጣች። እሷ ወደ ሩስኛ ትመልሳለች፣ ከዚያ በሁለታችን ስብርባሪ ዕብራይስጥ ትነግረኛለች። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስቱ የስብሰባ ጥሪ ነው። አልሄድኩም። አንደኛው የኔ ፊርማ ያለበት ቅጂ ነው። ልጄ በሒሳብና በቋንቋ ወደ ዝቅተኛው ሃክባጻ (ልጆች በችሎታ የሚመደቡበት ቡድን) እንዲወርድ «ተስማምቻለሁ» ይላል። ፊርማዬን አወቅሁት። ያኔ አስተማሪዋ በፈገግታ ወረቀቱን አቀረበችልኝ። «ለልጁ እርዳታ ነው» አለችኝ። እኔም እጅ ነስቼ፣ አመስግኜ ፈረምኩ።

ጎረቤቴ ወረቀቱን አየችና «ለምን ፈረምሽ?» አለችኝ። እሷም እንዲህ ያለ ወረቀት ቀርቦላት ነበር። «ቤት ወስጄ ላንብበው» ብላ ከቦርሳዋ ከታ በዚያው አስቀረችው። በቃ፣ ያ ነው ልዩነቱ። በአገራችን መምህር የተከበረ ነው፤ የሰጠውን ወረቀት መመለስ ነውር ነው። እሷ ያደገችበት አገር ሰው የመንግሥት ወረቀትን መጠርጠር ከልጅነቱ ይማራል።

ስለዚህ ይህን ያዙልኝ። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። «ሳምንት ስጡኝ» ማለት ነውር የለውም። ለትርጉም ልጃችሁን ሳይሆን ዐዋቂ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ልጄ እዚህ ክፍል ከገባ ወደፊት የትኛው በር ይዘጋበታል?» እዚህ አገር የባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ሒሳብ በሦስት፣ በአራትና በአምስት ዩኒት ይሰጣል፤ አምስቱ ከፍተኛው ነው። በዝቅተኛው ሃክባጻ የቆየ ልጅ አምስት ዩኒት ሳይደርስ ይቀራል፣ ምሕንድስናም ሕክምናም በዚያው ይርቁታል። ይህን ያወቅሁት ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነው።

እሱን ለማስተካከል ሌላ ስህተት ጨመርኩ። «አዳሪ ትምህርት ቤት ይሻለዋል» አሉኝ። የኛ ሰፈር ልጆች ሁሉ ወደ ፕኒሚያ ይሄዱ ነበር፣ እኛም ላክነው። ለጎረቤቴ ይህን ሐሳብ ያቀረበላት ሰው አልነበረም። እዚያ የሙያ ክፍል አስገቡት። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። ቀን ይተኛል፣ ማታ ይወጣል።

2001 በጋ ላይ ነው፣ አንድ ማታ በር ተንኳኳ። ጎረቤቴ ነጠላ ጫማ አድርጋ ቆማለች። ልጄን ፖሊስ ወስዶታል። «ልጆቹ ሁለቱም አንድ ወንበር ላይ ነበሩ» አለችኝ። «መታወቂያ የጠየቁት ያንቺን ብቻ ነው። የኔን ዓይተውት እንኳ አላዩትም።» ጣቢያ ድረስ አብራኝ መጣች። የለቀቁት ሊነጋ ሲል ነው፤ ያጠፋው ነገር አልነበረም።

እቤት ስንገባ አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። በአማርኛ ጀመርኩ። ስለ አያቱ አወራሁት። በ1984 በሱዳን በኩል ሲጓዙ መንገድ ላይ ስለቀሩት ስለ ታላቅ እህቴ ነገርኩት። በዚያ መንገድ ወደ 4,000 የሚጠጋ ወገን አልቋል፤ ልጄ አንዷ አክስቱ እንደሆነች አያውቅም ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «እማ፣ የላይ ቤቷ ልጅ ብሆንልሽ ደስ ይልሽ ነበር አይደል?» አለኝ። በአማርኛ ነው ያለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄን ከማንም ጋር አወዳድሬ አላውቅም።

ልጆቹን ማወዳደር ሳቆም ግን ሌላ ነገር ማየት ጀመርኩ። ያ ልጅ ቀኑን እንዴት ነው የሚያሳልፈው? እናቱ ገንዘቧን ምን ላይ ነው የምታውለው? ጠየቅኳት። «ሒሳብ የሚማረው ትምህርት ቤት መስሎሽ ነው?» አለችኝ። «ማታ ነው የሚማረው።» ለካ ሩሲያዎቹ የአገሩ ሒሳብ ትምህርት ደካማ ነው ብለው፣ ሥራ ያጡት መምህሮቻቸው ከዘጠናዎቹ መጀመሪያ ጀምረው ሞፌት የሚባል የማታ ትምህርት አቋቁመዋል። ይህ በሌለበት ሰፈር ጡረታ የወጣ መምህር ኩሽና ውስጥ ያስተምራል። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ አብሮት የተወለደ ጭንቅላት ነው እል ነበር። እሷ ከኔ እኩል ከምታገኘው የጽዳት ደመወዝ ላይ፣ ሥጋ ከመግዛቷ በፊት ለመምህሩ ትከፍል ነበር።

እኛስ ገንዘብ አልነበረንም? ስምንት ሴቶች እቁብ ነበረን። የሚወጣው ለሰርግ፣ ለጎንደር ዘመድ፣ ለሶፋ ነው። «ለአንድ ዓመት ዕጣ አናውጣ፣ መምህር እንቅጠርበት» አልኳቸው። ተንጫጩ። «እቁብ ለክፉ ቀን ነው» አለች አንዷ። አማቴ ጥግ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን አስቀመጠችና «ልጆቻችሁ ከዚህ ውጪ በማታ እየዞሩ ነው። ከዚህ የባሰ ክፉ ቀን የቱ ነው?» አለች። በዚያ አለቀ።

የጎረቤቴን ልጅ ያስተማሩትን ሽማግሌ አመጣን። ቦታ ስላልነበረን ማስተማሪያው የሕንፃው ሚክላት፣ የቦምብ መጠለያው ሆነ። እርጥበት ይሸታል፣ አሮጌ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ አለ። መምህሩ አማርኛ አያውቁም፣ ዕብራይስጣቸውም እንደኛ ነው። የመጀመሪያው ቀን ክፍልፋይ ሲያስተምሩ ልጆቹ አልገባቸውም። አማቴ ድፎ ዳቦ ይዛ ወርዳ ነበር። ሽማግሌው ቢላዋ ጠየቁ። ለአራት ቆረሱት፣ አንዱን ለሦስት ቆረሱት፣ ቁራሹን አንስተው ልጆቹን አዩ። ትንሿ ልጄ «አንድ አሥራ ሁለተኛ!» ብላ ጮኸች። ቁራሹን ሰጧት። በሳምንት ሁለት ማታ፣ ለስድስት ዓመት እንዲህ ቀጠለ። ከእነዚያ ልጆች ሦስቱ አምስት ዩኒት ወሰዱ። ሌሎቹ አራት ወሰዱ፤ ያም ያኔ ለኛ ትልቅ ነበር።

ወላጆች፣ «እነሱ ጎበዞች ናቸው፣ እኛ ሰነፎች ነን» የሚል ሰው ሲመጣ አትቀበሉት። ከሩሲያ የመጣው ወላጅ አብዛኛው ኮሌጅ የበጠሰ ነው። ከኛ ወገን ብዙው ወላጅ እርሳስ ይዞ አያውቅም። የእነሱ ቤት ያኔ አንድ ሁለት ልጅ ነበር፣ አያት ከትምህርት ቤት ትቀበል ነበር። የእኛ ቤት ስድስት ሰባት ልጅ ነበር፣ ከደመወዙ ላይ ደግሞ ጎንደር ሆነው ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራ የሚጠብቁ ወንድምና እህት ነበሩ። ቆዳችንም አለ። በ2019 ሰለሞን ተካ የተባለው ወጣት ኪሪያት ሃይም ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት፣ በየከተማው መንገድ የተዘጋው የሁላችንም ቤት ያንን የ2001 ሌሊት ስለሚያውቀው ነው። ይህን የማታ ትምህርት አያጠፋውም። እውነቱን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

የእነሱም ቤት ለቅሶ አለበት። ጎረቤቴ ወደ መሐንዲስነቷ ሳትመለስ ጡረታ ወጣች። ጡረታው የሚታሰበው እዚህ ለሠራችበት ዘመን ብቻ ስለሆነ አሁንም ኪራይ ታሰላለች። ልጇን ትምህርት ቤት «ሩሲያዊ» እያሉ ይደበድቡት ነበር። አይሁድነት በእናት በኩል ይቆጠራልና፣ እናቷ አይሁዳዊት ስላልሆነች ረቢዎቹ (የአይሁድ ሃይማኖት መሪዎች) ልጇን እዚህ አላጋቡትም፤ እንደ ብዙዎቹ ቆጵሮስ ሄዶ ነው ያገባው። ረቢዎቹ የኛንም አይሁድነት ጠይቀዋል፤ ከሱዳን በዘመቻ ሙሴ የገቡት ወገኖቻችን በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ሳምንታት ተቀምጠው የተቃወሙት ለዚህ ነው። ይህን ያወራን ቀን ከእሷ ጋር እስኪመሽ አለቀስን።

ዛሬ የእነሱ ልጆች እዚህ ከተወለዱት ጋር ሊስተካከሉ ምንም አልቀራቸውም። የእኛም መጥተዋል፤ ሐኪም አለን፣ የጦር መኮንን አለን፣ በ2020 ፕኒና ታማኖ-ሻታ ሚኒስትር ሆናለች። ሥራ የሌለው ጥቂት ነው። በደመወዝ፣ በዩኒቨርሲቲና በቤት ዋጋ ግን ገና ወደኋላ ነን። የበኩር ልጄ ውትድርናውን ጨርሶ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ ሜኺና (የከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ) ገብቶ ከዜሮ ጀመረ። ሠላሳ ሊሞላው ሲል ዲፕሎማውን ይዞ የቴክኒክ ሥራ ያዘ። ልጁን በአማርኛ ያናግራል።

እኔ አሁን መጋሼሬት ነኝ። በትምህርት ቤትና በወላጅ መካከል የማገናኝ ሠራተኛ ማለት ነው። በ2022 መኸር አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ሁለት እናቶች ተቀምጠው አገኘሁ። አንዷ በቅርቡ ከጎንደር የመጣች ናት፣ ነጠላዋን አልፈታችም። ሌላዋ ጦርነቱን ሸሽታ ከካርኮቭ የወጣች፣ የጎረቤቴ የአክስት ልጅ ናት። ሁለቱም ጉልበታቸው ላይ አንድ ዓይነት ቅጽ ይዘዋል፣ እስኪብርቶም ተሰጥቷቸዋል። የካርኮቭዋ ተጨንቃ ልትፈርም አጎንብሳለች። የጎንደሯ ቀና ብላ «እትዬ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለችኝ።

መሃላቸው ተቀመጥኩ። እስኪብርቶዎቹን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኳቸው። ለአንዷ በአማርኛ፣ ለሌላዋ በእጄና በዕብራይስጥ «ዛሬ አይፈረምም» አልኳቸው። ከዚያ ሦስታችንም ወረቀቱን ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመርን።